ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ ለሕሙማንም ለአስታማሚዎችም የታገለች ሴት



በዚህ እትማችን የአንዲት ነርስ የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። በካምፓችን ክሊኒክ በር ላይ ተሰልፋችሁ ተራችሁን ስትጠብቁ ነርሷን «ሲስተር» ብላችሁ ትጠራላችሁ። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ እኅት ማለት ነው። የመጣውም በጥንት ዘመን ሕሙማንን ያስታምሙ ከነበሩት የአውሮፓ ሴት መነኮሳት ነው። ታዲያ የመነኮሳት ሥራ የነበረው ማስታመም እንዴት ትምህርት የሚሰጥበት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ሕግና ሥነ ምግባር ያለው ሙያ ሊሆን ቻለ? ለዚህ ለውጥ ብዙ ሰዎች ደክመዋል። ከሁሉ ይልቅ ስሟ የሚነሣው ግን ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት።

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ምክንያት አለ። ከማስተምራቸው ልጃገረዶች አንዷ ወደፊት ነርስ መሆን እንደምትፈልግ በክፍል ውስጥ ተናገረች። ከጥቂት ቀናት በኋላ አባቷ መጥተው፣ ልጃቸው የሰው ቁስል ስታጥብና የሰው ቆሻሻ ስትደፋ እንድትኖር እንደማይፈቅዱ በትሕትና፣ ግን በቁርጥ ነገሩኝ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ የተሰደድኩ በጎ ፈቃደኛ መምህር ነኝ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። አባት የሚሆኑኝን ሰው መከራከርም አልፈለግሁምና ዝም አልኩ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልሰጠሁት መልስ ነው። ወላጆች ሆይ፣ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ እናንተው ፍረዱ።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናሳስባለን።

የሀብታም ልጅ

ፍሎረንስ የተወለደችው ሜይ 12 ቀን 1820 በጣሊያን አገር፣ ፍሎረንስ በምትባለው ከተማ ነው። ስሟም የከተማዋ ስም ነው። ወላጆቿ እንግሊዛውያን ሲሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ጣሊያን አገር ለመንሸራሸር ሄደው ነበር። በአንድ ዓመት የምትበልጣት እኅቷ ደግሞ ኔፕልስ ከተማ ተወልዳ የዚያችኑ ከተማ የጥንት ስም፣ ፓርተኖፒ የሚለውን ተሰጥታለች። ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር ሁለት ታላላቅ ቤቶች ነበሩት። አንዱ በደርቢሻየር የሚገኘው ሊ ኸርስት፣ ሌላው በሐምፕሻየር የሚገኘው ኤምብሊ ናቸው። አገልጋይ፣ ሠረገላና ሰፊ መሬት ያልጎደለው ቤት ነበር።

አባቷ የተማረ ሰው ነበረና ልጆቹን ራሱ ያስተምር ነበር። ፍሎረንስ ግሪክኛና ላቲን፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ፣ ታሪክና ፍልስፍና ተማረች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን ሒሳብን ነበር። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ለማትረፍ ከጠቀሟት መሣሪያዎች አንዱ ይህ ሒሳብ ነው።

የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1837፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎቱ እንደጠራት ተሰማት። አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ግን ገና አልተገለጠላትም ነበር። በቤታቸው አካባቢ የሚኖሩ ድኾችን እየዞረች ስትጠይቅና የታመሙትን ስትረዳ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥሪዋ ሕሙማንን ማስታመም እንደሆነ ወሰነች።

የቤተሰብ ተቃውሞ

በ1845 ፍሎረንስ በሳልስበሪ ሆስፒታል ገብታ ሥራውን እንድትማር ወላጆቿን ለመነች። ቤቱ ተናወጠ። እናቷ በቁጣና በሐፍረት ተሞላች፣ እኅቷም አለቀሰች። አንባቢዎቼ፣ ወላጆቿን ለመውቀስ አትቸኩሉ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሆስፒታል የዛሬውን አይመስልም ነበር። አቅም ያለው ሰው በቤቱ ይታከማል፤ ሆስፒታል የሚገባው ድኻ ነው። የክፍሎቹ ሽታ አያስጠጋም። በአስታማሚነት የሚቀጠሩት ሴቶች ብዙዎቹ ምንም ትምህርት የሌላቸው፣ ሌላ ሥራ ያጡ ድኾች ነበሩ። ደመወዛቸው አነስተኛ ስለሆነ ከሕመምተኛው እጅ ጉርሻ ይቀበላሉ። ብዙዎቹ የሚተኙት ሕሙማኑ ባሉበት ክፍል አጠገብ፣ አየር በሌለው ጠባብ ቦታ ነው። ድካሙንና ሽታውን ለመርሳት መጠጥ የሚያዘወትሩም ብዙ ነበሩ። ስለዚህ አስታማሚ ማለት ሰካራምና ምግባረ ብልሹ ማለት ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

ፍሎረንስ ግን ነገሩን ገልብጣ አየችው። ሴቶቹ የተበላሹት በተፈጥሯቸው አይደለም፤ የሚኖሩበትና የሚሠሩበት ሁኔታ ነው ያበላሻቸው ብላ አሰበች። የሚያስተምራቸው፣ በወጉ የሚከፍላቸው፣ ንጹሕ መኝታ የሚሰጣቸው ቢኖር የታመኑ ባለሙያዎች ይሆናሉ። ይህ ሐሳብ ዕድሜዋን ሙሉ አልተለያትም።

ከወላጆቿ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ጠበቀች። በእነዚያ ዓመታት ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣች፣ ሻማ አብርታ፣ ስለ ሆስፒታሎች የተጻፉ የመንግሥት ሪፖርቶችን ታነባለች፤ ከዚያ ቀን ቀን ከቤተሰቡ ጋር እንግዳ ትቀበላለች። ሪቻርድ ሞንክተን ሚልንስ የተባለ የተከበረ ሰው ሊያገባት ለዓመታት ቢጠይቃትም፣ ትወደው እንደነበር እየታወቀ እንቢ አለችው። ትዳሩ ከተጠራችበት ሥራ ያግደኛል ብላ ፈርታለች።

በመጨረሻ በ1851 ጀርመን አገር በራይን ወንዝ አጠገብ በሚገኘው የካይዘርስቬርት ተቋም ገብታ ለሦስት ወር ያህል ተማረች። በ1853 ደግሞ አባቷ በዓመት 500 ፓውንድ ሊሰጣት ተስማማ፤ እሷም በለንደን በሐርሊ ጎዳና የሚገኝ አንድ አነስተኛ የሴቶች ሕክምና ቤት ያለ ደመወዝ ታስተዳድር ጀመር። ያን ጊዜ 33 ዓመቷ ነበር።

እዚያ ቤት የሠራችው ነገር ጠባይዋን ያሳያል። ነርሶቹ ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውኃና ምግብ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይውሉ ነበር። ፍሎረንስ ሙቅ ውኃ በቧንቧ ፎቅ ድረስ እንዲወጣ፣ ምግብም በገመድ በሚጎተት ሣጥን ከማድ ቤት እንዲሳብ አደረገች። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሲደውል የማን ደወል እንደሆነ ነርሷ የምታውቅበት ዘዴ አስገባች። ነርሷ እግሯ ከዳነ፣ ጊዜዋ ለሕመምተኛው ይተርፋል ማለት ነው። የቤቱ ኮሚቴ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮችን ብቻ መቀበል ሲፈልግም፣ ካቶሊኮችና አይሁዶችም ካልገቡ እኔ አልሠራም ብላ በጽሑፍ አስፈቀደች።

ስኩታሪ

በ1854 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ከሩሲያ ጋር በክሪሚያ ልሳነ ምድር ጦርነት ገጠሙ። የታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢ፣ ቁስለኞች ያለ አስታማሚና ያለ ፋሻ እየሞቱ መሆናቸውን ሲጽፍ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ። የጦር ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ሲድኒ ኸርበርት የፍሎረንስ ወዳጅ ነበርና ነርሶች ይዛ እንድትሄድ ጠየቃት። ኦክቶበር 21 ቀን 1854 ከ38 ሴቶች ጋር ተነሥታ፣ ኖቬምበር 4 ቀን ከኢስታንቡል ማዶ ከምትገኘው ስኩታሪ ደረሰች።

ከ38ቱ መካከል የካቶሊክ መነኮሳት፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እኅቶችና ተራ የሆስፒታል ነርሶች ነበሩባቸው። ለተቀጣሪዎቹ በሳምንት ከ12 እስከ 14 ሺሊንግ፣ በተጨማሪም ምግብ፣ መኝታና የደንብ ልብስ ተመደበላቸው። መልካም ሥራ ያሳየች ደመወዟ ይጨመርላታል፤ የሰከረች ግን ወደ አገሯ ትመለሳለች። ከሕሙማን ጋር ስለ ሃይማኖት እየተከራከሩ እምነት ማስለወጥም የተከለከለ ነበር። የደንብ ልብሱ አመድማ ቀሚስና ነጭ ቆብ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ቆቡ መልኳን ስላበላሸባት፣ አስቀድማ ብታውቅ ኖሮ እንደማትመጣ ለፍሎረንስ አመልክታለች። እንግዲህ ነርስም ሰው ናት!

ማረፊያቸውን ብታዩት ታዝኑ ነበር። ለ40 ያህል ሰዎች የተሰጧቸው ጥቂት ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። ከክፍሎቹ በአንዱ ውስጥ የአንድ የሩሲያ ጄኔራል አስከሬን ገና አልተነሣም ነበር። አይጥና ቁንጫ በሽ ነው። ውኃ የሚሰጣቸው ለአንድ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ ለመጠጥም፣ ለመታጠቢያም፣ ለሻይም ያችው ናት። በቦኖ ውኃ ፊት ጀሪካን አሰልፋችሁ የምትውሉ እናንተ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ታውቃላችሁ።

የጦር ሐኪሞቹ ሴቶቹን በክፉ ዓይን ነበር ያዩአቸው። ፍሎረንስ ግን አልተጣላችም። ሐኪም ሳይጠራት አንዲትም ነርስ ቁስለኛ እንዳትነካ አዘዘች። ሴቶቹ ተቀምጠው ፋሻና የሕሙማን ልብስ ይሰፉ ጀመር። ብዙዎቹ አጉረመረሙባት። ሰው እያቃሰተ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ያማል። ሆኖም ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ ሥራ ቢጀምሩ ሁሉም ይባረሩ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከባላክላቫና ከኢንከርማን ጦርነቶች የተረፉ ቁስለኞች በመርከብ ጎረፉ። ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ራሳቸው መጥተው እርዱን አሉ።

በሆስፒታሉ ውስጥ አልጋዎቹ ተቀራርበው፣ ረድፋቸው ሲደመር ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ሳሙና፣ ፎጣ፣ ሳሕን፣ ማንኪያ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልነበረም። ፍሎረንስ ታይምስ ጋዜጣ ከሕዝብ ባሰባሰበው ገንዘብና በራሷ ገንዘብ ዕቃውን ከከተማ ታስገዛ ጀመር። ቤት ተከራይታ የውኃ ማፍያ በርሜል አስተከለችና የወታደሮችን ሚስቶች በክፍያ ቀጥራ ልብስ አሳጠበች። ለሕሙማን ለስላሳ ምግብ የሚሠራበት ማድ ቤት አቋቋመች። ለሞቱት ወታደሮች እናቶችና ሚስቶች ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። ሰካራም ናቸው እየተባሉ የሚናቁት ተራ ወታደሮችም ደመወዛቸውን ወደ ቤታቸው የሚልኩበትን መንገድ አበጀችላቸው፤ እነሱም ብዙ ገንዘብ ላኩ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከእሷ በቀር ሴት በሕሙማን ክፍል እንዳትገኝ ደንግጋ ነበር። ይህን ያደረገችው የነርሶቹን ስም ከሐሜት ለመጠበቅ ነው። እሷ ብቻ ሌሊት ፋኖስ ይዛ በአልጋዎቹ መካከል ታልፍ ነበር። ከዚህም የተነሣ ባለ ፋኖሷ እመቤት ተባለች። በየሥዕሉ የምታዩት የዘይት መብራት ሠዓሊዎች የፈጠሩት ነው፤ እሷ ትይዘው የነበረው ሻማ የሚገባበት፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የቱርክ ፋኖስ ነበር።

ያልተነገረው ክፍል

ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን እንቀጥል፤ ትልቁ ትምህርት ከዚህ በኋላ ያለው ነውና።

ፋኖስ ብትይዝም፣ ብትደክምም፣ በመጀመሪያው ክረምት ስኩታሪ የገባው ወታደር ሞቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰ። በወቅቱ በተያዘው ስሌት መሠረት በፌብሩዋሪ 1855 ከ100 ሕሙማን 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በማርች ወር ከእንግሊዝ የንጽሕና ጉዳይ መርማሪዎች መጡና ሕንፃውን መረመሩ። ከሆስፒታሉ ሥር የሞላ የፍሳሽ ጉድጓድ አገኙ። ውኃው የሚያልፍበት ቦታ ላይ የሞተ ፈረስ ነበር። ከ500 በላይ ጋሪና ቅርጫት ቆሻሻ አስወጡ፣ ጉድጓዱን አጠቡ፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀቡ፣ መስኮት ከፈቱ። በጁን ወር ከ100 የሚሞተው ወደ 2 ወረደ።

ፍሎረንስ በጦርነቱ ጊዜ የሞቱ ዋነኛ ምክንያት የምግብና የልብስ እጥረት፣ እንዲሁም ሕሙማኑ ዘግይተው መምጣታቸው ነው ብላ ታምን ነበር። በኦገስት 1856 ሚስ ስሚዝ በሚል ስም ተደብቃ፣ ያለ ሰልፍና ያለ ጭብጨባ አገሯ ገባች። ከዚያ ዊሊያም ፋር ከተባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር ሆና የሟቾችን ቁጥር መመርመር ጀመረች። ቁጥሩ የነገራት ነገር መራራ ነበር። አብዛኛው ወታደር የሞተው በጥይት ሳይሆን በበሽታ ነው። ብዙዎቹን የገደለው ደግሞ ራሱ ሆስፒታሉ፣ መጨናነቁ፣ ፍሳሹና የታፈነው አየሩ ነው። እሷ ታስተዳድርበት የነበረው ቤት ማለት ነው።

አንባቢዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? አንቺስ? ሕዝብ ሁሉ ያመሰግናታል፤ ሥዕሏ በየቤቱ ተሰቅሏል። ቁጥሩን ብትደብቅ የሚጠይቃት አልነበረም። እሷ ግን እውነቱን ጽፋ፣ ሰው በቀላሉ እንዲገባው በቀለም የተከፋፈለ ክብ ሥዕላዊ መግለጫ ሠርታ፣ በራሷ ገንዘብ አሳትማ ለባለሥልጣናት ሁሉ አደለች። በዚህ ምክንያት የጦር ሠፈሮችና የጦር ሆስፒታሎች አሠራር ተለወጠ። በ1858 በእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር አባል ሆና ተመረጠች፤ በማኅበሩም የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የሙያ ሥነ ምግባር ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ሕመምተኛን በፈገግታ መቀበል ብቻ አይደለም። ስሕተት ሲገኝ፣ ስሕተቱ የራስ ቤት ቢሆንም፣ ሌላው እንዳይሞት ገልጦ መናገር ነው።

የነርሶች ትምህርት ቤት

በጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡ ለእሷ ክብር ወደ 44,000 ፓውንድ አዋጥቶ ነበር። ለራሷ አንዲት ሳንቲም አልወሰደችም። በዚያ ገንዘብ በ1860 በለንደን በሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 15 ነበሩ። በዚያው ጊዜ ስለ ማስታመም የጻፈችው ትንሽ መጽሐፍ ወጥቶ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ።

ተማሪዎቹ ለአንድ ዓመት ሲሠለጥኑ ምግብ፣ የደንብ ልብስና በዓመት 10 ፓውንድ ይሰጣቸው ነበር። እያንዳንዷ የራሷ መኝታ ክፍል ነበራት። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ከዚያ በፊት ሕሙማን አጠገብ ትተኛ ለነበረች አስታማሚ፣ በር ያለው ክፍል ማለት ክብር ማለት ነው። ፍሎረንስ ሌሊት የምትሠራ ነርስ ቀን በጸጥታ ጠግባ መተኛት እንዳለባት፣ የበሰለ ምግብ በሰዓቱ ማግኘት እንዳለባት፣ በቂ ደመወዝና ስታረጅም ጡረታ እንደሚያስፈልጋት ጻፈች። ምክንያቷም ግልጽ ነው። ተርባና ደክማ የቆመች ነርስ መድኃኒት ልትሳሳት ትችላለች፤ ደመወዟ የማይበቃት ነርስ ከድኻው ሕመምተኛ እጅ ትጠብቃለች። ለነርሷ ማሰብ ለሕመምተኛው ማሰብ ነው።

ከዚያ በአንጻሩ ከነርሷ የምትጠብቀውም ከባድ ነበር። በየተማሪዋ ስም መዝገብ ይያዛል፤ በመዝገቡም ሰዓት ማክበሯ፣ ጸጥታዋ፣ ታማኝነቷና ንጽሕናዋ ከችሎታዋ ጋር ይጻፋል። ነርስ የሕመምተኛን ምሥጢር ወደ ውጭ አታወጣም። ያላየችውን አየሁ አትልም። ሐኪሙን ለማስደሰት የሕመምተኛውን ሁኔታ አታሳምርም። ሀብታምና ድኻ፣ የራሷ ወገንና ባዕድ ብላ አትለይም።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ነርሶች ወደ ሌሎች አገሮች ተበተኑ። ከእነዚህ አንዷ አግነስ ጆንስ ናት። በ1865 ከ12 ነርሶች ጋር ሊቨርፑል ከተማ በሚገኝ የድኾች መጠለያ ሆስፒታል ሥራ ጀመረች። ከዚያ በፊት እዚያ ሕሙማንን የሚያስታምሙት ራሳቸው ተጠግተው የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። ቦታውን ንጹሕና ሥርዓት ያለው አደረገችው። በ1868 ግን ሕሙማኗን የያዘው ተስቦ እሷንም ያዛትና በ35 ዓመቷ ሞተች። ነርስ በሽታን ከማንም ይልቅ ቀርባ ታያለች። ስለዚህ ጓንትና ሳሙና፣ ዕረፍትና ተተኪ ባልደረባ ለነርስ ቅንጦት አይደለም።

ድካሟና ጉድለቷ

ፍሎረንስ ፍጹም አልነበረችም። በክሪሚያ በ1855 የያዛት ብርቱ ትኩሳት ጤናዋን ሰብሮት ስለነበር ከተመለሰች በኋላ አብዛኛውን ዘመኗን በክፍሏ፣ ብዙ ጊዜም በአልጋ ላይ ሆና አሳለፈች። እዚያው ሆና ከ10 ሺህ በላይ ደብዳቤዎችን ጽፋለች። ራሷ ስለማታርፍ የሚረዷትንም ወዳጆቿን አታሳርፍም ነበር።

ሜሪ ሲኮል የምትባል ከጃማይካ የመጣች ጥቁር አስታማሚ ነበረች። በ1854 ከነርሶቹ ጋር ለመሄድ ለንደን ላይ ብታመለክት አልተቀበሏትም። በራሷ ገንዘብ ተጉዛ፣ በባላክላቫ አጠገብ ቤት ከፍታ ወታደሮችን አበላች፣ አከመች፣ በጦር ሜዳም ቁስለኛ አነሣች። ፍሎረንስ ስለ እሷ የነበራት አስተያየት በጎ አልነበረም። ታሪክ ግን ፍርዱን አስተካክሏል፤ በ2016 የሜሪ ሲኮል ሐውልት በዚያው በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ቅጥር ተተክሏል።

ነርሶች ፈተና አልፈው በመንግሥት መዝገብ ይመዝገቡ የሚል እንቅስቃሴ ከ1887 ጀምሮ ሲነሣም ፍሎረንስ ተቃወመች። ፈተና እውቀትን እንጂ ጠባይን አይለካም፣ አንድ ጊዜ የተመዘገበችም ከዓመታት በኋላ ምን እንደሆነች አይታወቅም ባይ ነበረች። ሐሳቧ እውነት አለበት። ነገር ግን መዝገብ ከሌለ ማንም ተነሥቶ ነርስ ነኝ ሊል፣ አሠሪም የፈለገውን ሊከፍል ይችላል። የእንግሊዝ ፓርላማ የነርሶችን መመዝገቢያ ሕግ ያወጣው በ1919፣ እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

ይህ ሕግ ከእኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1936 ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከቤተሰቧ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደደች። ስደተኛይቱ ልዕልት በለንደን የግሬት ኦርመንድ ጎዳና የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ እንደ ማንኛዋም ተማሪ ሠለጠነች። በ1939 በዚያው መዝገብ የተመዘገበች ነርስ ሆነች። ነጻነት በ1941 ሲመለስ አገሯ ገባች፤ ሆኖም በ1942 በወጣትነቷ አረፈች። በአዲስ አበባ በስሟ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ተከፍቷል። እንግዲህ የንጉሥ ልጅ የሰው ቁስል ማጠብን አልናቀችም፤ ስደትም ትምህርቷን አልከለከላትም።

ፍጻሜዋ

ፍሎረንስ በ1907 ከእንግሊዝ ንጉሥ ታላቅ የክብር ኒሻን ተሸለመች። ይህን ኒሻን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ያን ጊዜ ግን ዓይኗ ጠፍቶ፣ ትዝታዋም ደክሞ ነበር። ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ ለንደን ውስጥ በእንቅልፍ ላይ ሳለች ዐረፈች። መንግሥት ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሊቀብራት ቢፈልግም፣ ዘመዶቿ ፈቃዷን አክብረው በኤምብሊ አጠገብ በሚገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከወላጆቿ ጎን ቀበሯት። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ የስሟ የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት፣ የተወለደችበትና የሞተችበት ቀን ብቻ ተጽፈዋል። የተወለደችበት ሜይ 12 ቀን ዛሬ የዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ወላጆች ሆይ፦

አሁን ወደዚያ አባት ጥያቄ ልመለስ። ነርስነት የሰው ቁስል ማጠብ ነው፤ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ልጅዎ በወባ ስትንቀጠቀጥ ሌሊት የሚቀበላት፣ ባለቤትዎ ስትወልድ እጇን የሚይዝ፣ የሰማውን ምሥጢር በካምፑ የማያወራ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የሌላ ሰው ልጅ ነው። የሌላውን ልጅ እያከበርን የራሳችንን የምንከለክል ከሆነ ነገሩ ሚዛን አይደፋም።

ደግሞም ክሊኒክ ስንሄድ ነርሷ ሰልፍ አስከብራ፣ ድኻና ባለ ዘመድ ሳትለይ እንድታስተናግደን እንጠብቃለን። መብታችን ነው። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ምሳ በልታ ይሆን? ትናንት ሌሊት ተኝታ ይሆን? ሰልፍ ጥሰን ስንጮህባት፣ ላልታመመ ልጅ መድኃኒት ስጪ ብለን ስናስጨንቃት፣ ሥራዋን የምናበላሸው እኛ ነን። ነርስ ለሕመምተኛ ግዴታ አለባት፤ ሕብረተሰቡም ለነርስ ግዴታ አለበት። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሁለቱንም ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር ኖራለች።

ለዚያች ተማሪዬና ለእናንተ ሁሉ፣ ሒሳባችሁን አጥኑ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ያያችሁትን በትክክል መናገርን ልመዱ። የነርስነት ትምህርት የሚጀመረው ከዚህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፍሎረንስ በሐርሊ ጎዳና ሙቅ ውኃ በቧንቧ እንዲወጣ ማድረጓ ሕሙማኑን እንዴት ጠቀማቸው?
2. በስኩታሪ የሞት ቁጥር የቀነሰው በምን ምክንያት ነው? በሠፈራችሁ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ችግር አለ?
3. ነርሶች በመንግሥት መመዝገባቸው ምን ጥቅም አለው? ፍሎረንስ የተቃወመችው ለምን ነበር? ከቤተሰቦቻችሁ ጋር ተወያዩበት።